የዶክተር ብልቃጥና የጩጬዋ የሕይወት ታሪክ

በሥራ ባልደረቦቻቸውም በጎረቤትም ዘንድ «ዶክተር ብልቃጥ» በመባል የሚታወቁት ውድ እህታችን፣ የጨርቅ ቀለም ነካሪ ከነበሩት አባታቸውና ልብስ በማጠብ ቤቱን ይደጉሙ ከነበሩት እናታቸው፣ ከማቅለሚያ ፋብሪካው በታች ባለው የወንዝ ዳር ሰፈር በ1957 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው የነከሩበት ቀለም ትራፊው ወደ ወንዙ ይለቀቃል፤ እናታቸው ደግሞ በዚያው ወንዝ ያጥባሉ። ነጩ አንሶላ ሮዝ ሆኖ በወጣ ቁጥር እናት «አንተ ስትነክር እየዋልክ እኔ ሳስለቅቅ ልሙት?» ይላሉ፤ አባትም «ቀድመሽ ብትነግሪኝ ነጭ እነክርልሽ ነበር» ብለው ያስቋቸዋል። እህታችን ግን ነገሩን እንደ ቀልድ አላለፉትም።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው አጠናቀው በ1975 ዓ.ም. ወደ ከተማው የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በተማሪነት የገቡበትን ግቢ ሳይለቁ፣ በረቂቅ ተሕዋስያን ጥናት ዶክትሬታቸውን ይዘው፣ መምህርና ተመራማሪ ሆነው ቀሩ።

በ1986 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲውን የኤሌክትሪክ ባለሙያ አገቡ። ያስተዋወቃቸው የመብራት መጥፋት ነው። የላቦራቶሪው ማቀዝቀዣ በቆመ ቁጥር የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ፤ ኋላ ኋላ ማቀዝቀዣው ደህና ሆኖም መጠራታቸው እንዳልቀረ ባለቤታቸው ዛሬም ይናገራሉ። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ።

በ1994 ዓ.ም. ከፋብሪካው ጀርባ ካለ ቦይ ባመጡት ጭቃ ውስጥ የጨርቅ ቀለም የምትበላ ባክቴሪያ አገኙ። ብልቃጥ ውስጥ ባለቀለም ውሃ ሞልተው እሷን ሲጨምሩበት ውሃው ጥቂት ቆይቶ ጥርት ይላል። ይህች ፍጥረት ግን ወደ አዲስ ምግብ ቶሎ ቶሎ ካልተዛወረች ትሞታለች። ስለዚህ በእረፍት ቀንም ታመውም ሄደው ያበሏታል፤ መብራት ጠፍቶ ከዘገየም በረዶ በሞላ ፔርሙዝ ይዘዋት ወደ ቤት ይመጣሉ። ልጆቹ «ጩጬዋ» አሏት። የመጨረሻ ልጅነቱን የተነጠቀው ወንዱ ልጅ ሲያኮርፍ ከርሟል።

እህታችን ጩጬዋን ለወግ ለማዕረግ ለማብቃት ያላንኳኩት በር የለም። በ2003 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲው ጋር በሽርክና የፍሳሽ ማጣሪያ ድርጅት ለማቋቋም አመለከቱ። የኢኖቬሽን ቢሮው ኃላፊ በተቀየረ ቁጥር አዲሱ «እስቲ እንደ አዲስ ያስረዱኝ» ይላሉ፤ ያስረዳሉ፤ ገባኝ ማለት ሲጀምሩ እሳቸውም ይቀየራሉ። ፋብሪካው ለሙከራ አንድ ገንዳ ፈቅዶላቸው ውሃው ጥርት ብሎ ወጣ። ሥራ አስኪያጁ አጨበጨቡ። ከዚያም «ጥሩ ነው ዶክተር፣ ግን አጣራ ብሎ ማን ጠየቀኝ?» አሉና ገንዳውን መኪና ማጠቢያ አደረጉት። ዘሯን የወሰዱ ሁለት ተመራማሪዎችም በጀታቸው ሲያልቅ ማብላቱን ተዉት። ከዚያ በኋላ ጩጬዋ በዓለም ላይ የነበረችው በአንድ ማቀዝቀዣ ውስጥ ብቻ ነው።

በ2015 ዓ.ም. እህታችን በጉበት ሕመም ሆስፒታል ሲተኙ የላቦራቶሪውን ቁልፍ ለረዳታቸው አደራ ሰጡ። ረዳቱም አደራቸውን አልበሉም። ነገር ግን የኢኖቬሽን ማዕከል ምረቃ ደረሰና ለማዕከሉ የተመረጠው ክፍል የእህታችን ላቦራቶሪ ሆነ። ግድግዳው ተቀባ፤ ብልቃጥ ይዘው የተነሱት ፎቶግራፍ በትልቁ ተሰቀለ። ረዳቱ በር ላይ እንግዳ ተቀባይ ተደርገው ሳሉ፣ ሌሎች ማቀዝቀዣውን ከፍተው የሚሸት ነገር ቢያገኙ ደፍተው በበረኪና አጠቡት፤ ለእንግዶች የታሸገ ውሃም ሞሉበት። እኛ ቤተሰቦቻቸው ተናደናል። ቀብር ላይ አይባል ይሆናል፤ ዛሬ ግን ይባል።

ረዳቱ እያለቀሱ ሆስፒታል መጥተው ለእህታችን ባለቤት ነገሩ። ባለቤታቸው ለእህታችን ለመንገር አንጀታቸው አልቻለም። እህታችን በየቀኑ «ጩጬዋ በላች?» ይላሉ፤ ባለቤታቸውም «ጥግብ ብላለች» ይላሉ። አንድ ቀን ባለቤታቸው ሲወጡ እህታችን ሴት ልጃቸውን ጠጋ አድርገው «ምረቃውን እዚሁ ቴሌቪዥን ላይ አይቼዋለሁ፤ ማቀዝቀዣዬን ከፍተው ውሃ ሲያድሉ። ማወቄን አባትሽ እንዳይሰማ። ከሰማ መጠየቄ ይቀራል፤ ከዚያ ምን እናወራለን?» አሏት። ልጅቷ ለአባቷ የነገረችው እናቷ ካረፉ በኋላ ነው።

ዶክተር ብልቃጥ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ59 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና አንዲት የልጅ ልጃቸው እዚህ ቆመዋል። ሦስተኛዋ ልጃቸው ቀድማቸዋለች። ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ ከፋብሪካው በታች ወንዙ ቀይ ነበር።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በጠራ ውሃ ዳር ያሳርፍልን፤ ባለቤታቸውንም በየቀኑ የሚጠይቃቸው ሰው አያሳጣቸው።