ሥዕሉ እኩል የበራላቸው ወንድማችን

ወንድማችን ከልብስ ሰፊ አባታችንና ከአዋላጅ ነርስ እናታችን፣ ከአውቶቡስ ጣቢያው ጀርባ ባለችው ባለ አንድ ክፍል ቤታችን በ1956 ዓ.ም. ተወለዱ። በኩር ስለነበሩ እኛን እህቶቻቸውን አዝለውም፣ ቀጥተውም፣ አስጠንተውም አሳድገውናል።

በ1977 ዓ.ም. በራጅ ባለሙያነት ተመርቀው ሆስፒታል ተቀጠሩ። በ1983 ዓ.ም. የሒሳብ መምህርት የሆኑትን ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፍርተዋል። በኋላም የልብ ጡንቻ ደም በሚገባ ማግኘቱ ወደሚመረመርበት ክፍል ተዛወሩ። ታካሚ ከተንቀሳቀሰ ሥዕሉ ስለሚበላሽ፣ "አይነቃነቁብኝ የኔ ጌታ!" ሲሉ ይውሉ ስለነበር "ጋሽ አይነቃነቁ" የሚል ቅጽል ወጣላቸው። ቡናና ሻይ ምርመራውን ስለሚያሳስቱ፣ ከዋዜማው ጀምሮ አንድ ጉንጭ የቀመሰን ታካሚ ያለ ርኅራኄ ይመልሱ ነበር።

ባለፈው ዓመት ደረጃ መውጣት አቃታቸው። ባልደረቦቻቸው በዚያው በራሳቸው ማሽን መረመሯቸው፤ ደም የደረሰው የልብ ክፍል የሚበራበት ሥዕሉም ከዳር እስከ ዳር እኩል በራ። እኛ በደስታ ተቃቀፍን። እሳቸው ግን አልሳቁም። ማሽኑ አንዱን የልብ ክፍል ከሌላው ጋር ያስተያያል እንጂ የሚደርሰውን ደም አይለካም። ዋናዎቹ የልብ ደም ሥሮች በሙሉ አብረው ከጠበቡ ልብ በጠቅላላ ይራባል፣ ሥዕሉ ግን ጤነኛ ይመስላል። "ሁሉም እኩል ከከሳ ማን ከሳ ይባላል?" አሉን።

የደሙን ፍሰት በቁጥር የሚለካ ማሽን ያለው ሌላ ሆስፒታል ነበር። ያንን ውጤት ሳያዩ ሐኪሞቹ ሕክምና ለመጀመር አልደፈሩም። ወረፋ እንዲያስቀድሙላቸው ለመንን፣ ደጅ ጠናን፣ የምናውቀውን ሰው ሁሉ አስቸገርን። "ሥዕላቸው ንጹሕ ነው፤ የባሰባቸው አሉ" ተባልን። ወንድማችን ዓይናችን እያየ እየደከሙ ሄዱ፤ እኛም የምንይዘው የምንጨብጠው አጣን።

በመጨረሻ ተራቸው ደረሰና ለዛሬ ተቀጠሩ። ትናንት፣ ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለዳ፣ ጫማቸውን ለማሰር እንዳጎነበሱ አረፉ።

ባለቤታቸው ለምርመራው ብለው ቡናውንና ሻዩን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈውባቸው ነበር። ትናንት ማታ ለለቀስተኛው ሻይ ልናፈላ ቁልፉን ብንጠይቃቸው፣ "ነገ ምርመራ አለው፤ ሽታው እንኳ እንዳይደርሰው" ብለው ከለከሉን። ቁልፉ አሁንም በእጃቸው ነው።

ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና እኛ እህቶቻቸው ያለ እሳቸው ቀርተናል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ያለ ወረፋ ይቀበልልን።