ሰባት ቁጥር ከየት መጣች?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 1 ቀን 2016 ዓ.ም.

ዛሬም የለም። ሦስተኛው ብልቃጥ ነው፣ ደብተሬ። ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ጨው፤ ሁሉም እንደ አምናው። ኮመጠጠ፤ ባክቴሪያዎቹን አወጣሁ፤ የግራዋ ጭማቂ ሰጠኋቸው። አልነኩትም! አምና ሰባት ቁጥር ያልኳት ባክቴሪያ ግን መራራውን ንጥረ ነገር በሁለት ቀን ወደ ሌላ ለውጣው ነበር። የመመረቂያ ጽሑፌ እሷ ናት። አማካሪዬ ዶ/ር ገመቹ፣ እህቷን፣ ያንኑ የምታደርግ ሌላ ባክቴሪያ፣ ከአዲስ ጎመን አውጪ ብለውኛል። ከየት ላምጣ?

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4፤ ከቀኑ 9 ሰዓት

ዶ/ር አሁን ደግሞ ተይው አሉ። የአምናው ይበቃል፣ ጽሑፉን ዓርብ አስገቢ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የማስተምርበት የሸነን ከተማ ት/ቤት የሰጠኝ የትምህርት ፈቃድ ጥር ላይ ያልቃል፤ ካላስገባሁ ያለ ዲግሪ መመለሴ ነው። ታዲያ ምን ይቆጠቁጠኛል? ላብራቶሪ ውስጥ አሥር ጊዜ ተነስቼ ተቀመጥኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

ገባኝ። ባይገባኝ ይሻል ነበር።

ምሳ ላይ እማዬ ቤት ሄጄ ጠየቅኳት። የአምናው ጎመን የተዘፈዘፈው እንደ ዘንድሮው በብልቃጥ ሳይሆን በእሷ ማሰሮ ነው። በሙቅ ውሃ አጠብኩት አለች። ሌላስ? ሳቀችብኝ። «ኤቢቻ ሳላሽበት ልሰጥሽ ኖሯል? የጠላ ማሰሮ እኮ ነው!»

ኤቢቻ። ግራዋ! እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ የጠላ ዕቃ በግራዋ ሳሽ ነው ያደግሁት። ጽሑፌ ላይ ግን «በሙቅ ውሃ ታጠበ» ብቻ። ለእኛ ሳሙና ነው፤ ማን ይቆጥረዋል? ሰባት ቁጥር ከጎመኑ ሳይሆን ከግራዋው ቅጠል መጥታ ይሆናል። ወይ እዚያው ማሰሮ ውስጥ ግራዋ ለምዳ። አላውቅም። ርዕሴ ደግሞ ከጎመን የተገኘች ይላል። አፈርኩ። በራሴ ተናደድኩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 7፤ ጠዋት 3 ሰዓት

ማንም አያውቅም። ዝም ብል አልፋለሁ። ኮፒ ቤት ሄጄ የጽሑፌን ቅጂዎች ለጥራዝ ሰጠሁ። በር ላይ ደርሼ ተመለስኩና ቅጂዎቹን መልሼ ወሰድኩ። ልጅቷ አብዳለች ሳትለኝ አልቀረችም።

7 ሰዓት ተኩል

ለዶ/ር ደወልኩ። ሁሉንም ተናገርኩ። የእሳቸውም እናት እንደዚያው በግራዋ ነው አሉ የሚያጥቡት፤ እሳቸውም ሊጠይቁኝ አላሰቡም። ዛሬ አታስገቢ አሉ፣ ድምፃቸው ደክሞ።

ከገበያ ሁለት አዲስ ማሰሮ ገዛሁ። አንዱ በግራዋ ይታሻል፣ አንዱ በውሃ ብቻ። እማዬ የውሃውን ስትሰማ ፊቷን አጨማደደች፤ እንደዚያ የታጠበ ዕቃ ቤቷ እንዲቀመጥ አትፈልግም።

እሺ። ሙከራው እስከ ጥር አያልቅም፤ ሸነን ወደ ት/ቤቴ እመለሳለሁ። ያለ ዲግሪ፣ ሁለቱን ማሰሮ ይዤ።