ስብስቦቹ ወዴት ይሄዳሉ

ሰኞ

አልጠፋም። ጠዋት ስሌቱን እንደ አዲስ ጀምሬ ከምሳ በፊት ጨረስኩ፤ የጋላክሲ ስብስቦቹ አሁንም ወደ አንድ አቅጣጫ ያደላሉ። ከእኛ መራቃቸውማ የታወቀ ነው፤ ጠፈር ራሱ እየሰፋ ነው። እኔ የምፈልገው ከዚያ የሚተርፈውን፣ የራሳቸውን ጉዞ ነው።

ማታ ራት ላይ ለእናቴ አስረዳኋት። በየስብስቡ ውስጥ ከሁሉም የደመቀ አንድ ጋላክሲ አለ። እነዚህ ደማቆች የሚሰጡት ብርሃን ተቀራራቢ ነው፤ ስለዚህ ደብዝዞ የሚታየው ሩቅ ነው። ርቀቱን ካወቅኩ መስፋፋቱ ምን ያህል ፍጥነት እንደሚሰጠው አውቃለሁ። ከተለካው ፍጥነቱ ላይ ያ ሲቀነስ የሚተርፈው የራሱ ጉዞ ነው። "እና ወዴት ነው የሚሄዱት?" አለች ኡሚ። የሦስተኛ ዲግሪዬ የመጨረሻ ምዕራፍ ይኸው ጥያቄ ነው።

ማክሰኞ

አማካሪዬ ዶክተር አልማዝ ከአዲስ አበባ ደወሉ። ውጤቱን አላመኑትም።

"ነጂባ፣ ይሄ አቧራ ነው የሚመስለኝ።"

የገዛ ጋላክሲያችን አቧራ አንዱን የሰማይ ክፍል ካደበዘዘው፣ እዚያ ያሉት ስብስቦች ከእውነቱ የራቁ ይመስላሉ፤ እኔም ያልሄዱትን ሄዱ እላለሁ። ዓርብ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ለትምህርት ክፍላችን መምህራን አቀርባለሁ። ካላሳመንኩ ምዕራፉ ይውጣ አሉ። የስንት ጊዜ ልፋቴ።

ተናደድኩ። ግን እውነታቸውን ነው፣ መፈተን አለበት። አቧራ እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ። ማለት፣ ከሞላ ጎደል።

ከሰዓት መብራት ጠፋ። ቢሮው ምድጃ ሆነ። ባጃጅ ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ረቡዕ

አቧራ የበዛበትን ሰማይ በሙሉ ቆርጬ ጣልኩ። ብዙ ስብስብ አብሮ ሄደ፣ አንጀቴ እያረረ። ጉዞው ቀነሰ፤ አልጠፋም።

ግን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። መልሱን የሚያውቅ ሰው ሳያስበው ወደሚፈልገው ይቆርጣል። ሌላ ሰው ያስፈልገኛል። እዚህ ይህን ስሌት የሚችለው ደግሞ አብዲ ብቻ ነው፤ ያ በስብሰባ ላይ "የነጂባ ስብስቦች ወደ ምኞቷ ነው የሚሄዱት" ብሎ ሰው ያሳቀብኝ የሥራ ባልደረባዬ። ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ አላለፍንም።

ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ሙሸበክ ዘርግቶ ይበላል።

"ዳታውን ልስጥህ፣ በራስህ መንገድ ሥራው" አልኩት። "ያገኘሁትን አቅጣጫ አልነግርህም።"

"ምንም ባይኖርስ?"

"ዓርብ እዚያው ተነስተህ ትናገራለህ።"

ጣፋጩን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ፣ "አቦ፣ ደፋር ነሽ" አለኝ። አልበላም አልኩ። ቆይቼ በላሁ።

ሐሙስ

አብዲ ድምፁ የለም። ሁለት መደምደሚያ አዘጋጀሁ፤ አንዱ ከተገኘ፣ አንዱ ካልተገኘ። ሁለተኛውን መጻፍ አልፈለግኩም። ግን ጻፍኩት፣ ደግሞም ጥሩ ተጽፏል።

ሥጋቶቼ፦ መብራት። ኢንተርኔት። ዶክተር አልማዝ ፊት መንተባተብ። አብዲ ልክ ሆኖ መገኘት። የመጨረሻውን ሁለቴ ልጽፈው ነበር።

ኡሚ የሳምቡሳ ሽንኩርት አስከተፈችኝ። አለቀስኩ፤ በሽንኩርቱ አመካኘሁ።

ዓርብ

መብራት አለ። አብዲ ከጁምዓ ሰላት በቀጥታ መጣ፤ ከኋላ ተቀመጠ። ዶክተር አልማዝ በኢንተርኔት ገቡ። ዘዴውን፣ አቧራውን፣ የቆረጥኩትን ሁሉ ተናገርኩ። አቅጣጫው ላይ ስደርስ ቆምኩና "መጀመሪያ አብዲ ያገኘውን ያሳያችሁ" አልኩ።

ወደ ፊት ወጣና በሰማዩ ካርታ ላይ ቀስት ሣለ። ከፊቱ ምንም አይነበብም ነበር። ከዚያ የእኔን ከፈትኩ። ሁለቱ ቀስቶች አንድ ላይ አልገጠሙም፤ ጎን ለጎን ግን ናቸው፣ ወደዚያው።

"ፍጥነቱ ግን ከእሷ ያነሰ ነው" አለ አብዲ። "እኔ ይጠፋል ብዬ ነበር የጀመርኩት። አልጠፋልኝም።"

ዶክተር አልማዝ ሁለቱን ቀስቶች እንደገና እንዳሳያቸው ጠየቁኝ። በኋላ፣ "ምዕራፉ ይቆይ" አሉ። "የስህተት ወሰኑን አስፊው። የአብዲንም ውጤት አስገቢ።"

ደረጃው ላይ አብዲን አመሰገንኩት። "ያን ቀን ያልኩት ጥሩ አልነበረም" አለኝ። አልነበረም አልኩት። አብረን ወረድን።

ቅዳሜ

ምዕራፉን እያረምኩ ዋልኩ። ፍጥነቱ ዝቅ ብሏል፣ ወሰኑ ሰፍቷል፤ የተለመደው የጠፈር ንድፈ ሐሳብ ከሚጠብቀው ፍጥነት ይበልጣል ለማለት አይበቃም። "ይሄዳሉ" ያልኩትን ሁሉ "የሚሄዱ ይመስላል" አደረግኩት። የመጀመሪያዎቹ ላይ እጄ እንቢ አለ። በኋላ ለመደ። አሁን ማንም መጥቶ ቢጠይቀኝ ለእያንዳንዷ ቃል ቆሜ እከራከርላታለሁ።