ጥርሱ የጎደለው ጎማ

ውድ ሀሚዱ፣

ሲደበድቡህ ቆሜ አይቻለሁ። ይህን አንተም ታውቃለህ፤ ደሙ ፊትህን ከመሸፈኑ በፊት ቀና ብለህ አይተኸኛል። የምጽፍልህ የማታውቀውን ነው። ደህና ነህ ወይ ብዬ ለመጠየቅ ፊት የለኝም። በአንድ ዓይንህ ዓረብ አገር፣ ጂዛን ውስጥ የሰው ግቢ እንደምትጠብቅ ሰምቻለሁ፣ እሱ ይበቃኛል። የእጅ ጽሕፈቱ የሚስቴ የሀኒያ ነው። ቀኝ እጄ ስለተሰበረ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ለምን እንደተሰበረ ወደ ታች ስትወርድ ታገኘዋለህ።

መዘዙ የመጣው በጎማ ስለሆነ ከጎማው ልጀምር።

ያንን ማውንቴን ሳይክል ከደሴ ገዝተህ ሱቄ በር ላይ ያቆምክ ዕለት፣ "ይህ የመጣበት ጎማ ለከተማ ልጅ መንሸራሸሪያ ነው፣ ላንተ ሥራ አይሆንም" አልኩህ። ከሐይቁ ዓሣ ጭነህ በአስፋልቱ እስከ ውጫሌ፣ ከውጫሌ ደግሞ በኮረኮንቹ ሽቅብ ወደ አምባሰል መንደሮች የምትወጣ ሰው ነህ። ሦስት ዓይነት ጎማ አወረድኩልህ፤ ልሙጥ፣ ግማሽ ጥርስና ሙሉ ጥርስ። አንተ ከኋላ ሙሉ ጥርስ፣ ከፊት ግማሽ ጥርስ መረጥክ። "ጭነቱ ያለው ከኋላ ነው፤ መሬቱን የሚቆነጥጠውም ከኋላ ይሁን፣ የፊቱ ይቅለለኝ" ብለህ ተከራከርክ። እኔ ሳቅሁብህ። "የኋላው ሲንሸራተት ትደነግጣለህ፤ የፊቱ ሲንሸራተት ግን ጥርስህን ከመሬት ትለቅማለህ" አልኩህና ከፊትም ከኋላም ሙሉ ጥርስ ገጠምኩልህ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላህ የፊቱ ጎማ አንድ ጥርሱ ሥር ሚስማር ተሰክቶበት መጣህ። ሚስማሩን ለማውጣት ጥርሱን ከሥሩ በምላጭ ቆረጥኩት።

ከወር በኋላ እንደገና መጣህ። "ወላሂ ሙአዊያ፣ አስፋልቱ ላይ ይጎትተኛል። ውጫሌ ስደርስ ዓሣው ይሸታል። የፊቱን ቀይርልኝ አቦ" አልክ። በሥራዬ የሚመክረኝ ሰው እንደማልወድ ታውቃለህ። አፌን ዘግቼ ግማሽ ጥርሱን ገጠምኩልህ፣ ያወለቅሁትን ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት፣ ሰላምታም ሳልሰጥህ ሸኘሁህ። ልክ ነበርክ። ከዚያ ወዲያ ነገሩን ጨርሼ ከልቤ አወጣሁት። የተሸነፍኩበትን ነገር ቶሎ እረሳለሁ፣ ይህ የቆየ አመሌ ነው።

ከማህዲ ጋር የተጣላችሁት በጥር ነው። መንገድ ለማሳጠር ብለህ በሽንኩርት ማሳው መሐል አለፍክ። ገበያ ላይ ሰው እያየ በጥፊ መታህ፤ "ሁለተኛ የጎማህን ፋና ማሳዬ ላይ ባይ መጀመሪያ ጎማውን፣ ቀጥሎ አንተን ነው የምዘለዝል" አለህ። አንተም "ሞክረኝና እንተያያለን" አልከው። ያን ቃል ግማሹ ሐይቅ ሰምቶታል።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት ማህዲ በገዛ ማሳው ዳር ተወግቶ ተገኘ። ሬሳውን አይቻለሁ። ሁለት ጊዜ ሆዱን፣ አንድ ጊዜ አንገቱን ወግተውታል። የውሃ መሳቢያው ሞተር እንደተነሳ ስለነበር ውሃው በቦዩ እየሄደ ደሙን በሽንኩርቱ መደብ ሁሉ ላይ አዳርሶታል። ታላቅ ወንድሙ ሰዑድ ሬሳውን የነካበትን እጁን እንኳ አልታጠበም። ከሬሳው ሦስት እርምጃ ርቆ ጭቃው ላይ የሳይክል ፋና ነበር። "ሙአዊያን ጥሩት፣ የሐይቅን ጎማ ሁሉ በጥርሱ ያውቃል" ብሎ ባጃጅ ላከብኝ።

እውነቱን ልንገርህ፤ ስጠራ ደስ አለኝ። አርባ የሚሆን ሰው ዱላ ይዞ ቆሟል፣ ሁሉም እኔን ይጠብቃል። ጭቃው ላይ ቁጢጥ ብዬ ፋናውን በጣቴ ተከተልኩት። ሙሉ ጥርስ ነው፣ በየዙሩ አንድ ጥርስ ይጎድለዋል። የራሴን የምላጭ ሥራ አወቅሁት። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሬሳ አጠገብ ተቀምጬ ባለሙያነቴ አኮራኝ። ቀና ብዬ "የሀሚዱ የፊት ጎማ ነው፤ የገጠምኩት እኔው ነኝ" አልኩ።

ሸህ ዘይኑልአቢዲን ብቻቸውን ተቃወሙ። ሽማግሌው የደም ነገር ሲያስታርቁ የኖሩ፣ አባታቸውም ያንኑ ሲሠሩ ያለፉ አበጋር መሆናቸውን ታውቃለህ። "ጎማው የእሱ ይሁን፤ ልጄ፣ ሰውየውን አይተሃል ወይ? አገሩ አውጫጭኝ ይቀመጥ፣ ያየ የሰማውን በመሐላ ይናገር" አሉ። የሰማቸው የለም፤ ሰዑድ መሮጥ ጀምሮ ነበር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ያመለጠኝን ያወቅሁት ወዲያው ነው፣ ግን እኔም ከሰው ጋር ሮጥኩ።

የሐይቁ መንገድ ከአስፋልቱ የሚገናኝበት ላይ ደረሱብህ። ዓሣህን ጭነህ እያፏጨህ ትመጣ ነበር። የመጀመሪያው ዱላ ከኋላህ መጥቶ ከሳይክሉ አወረደህ። ዓሣው አስፋልቱ ላይ ተዘረገፈ፣ ሰው እየረገጠው እየተንሸራተተ ይመታሃል። "ምን አደረግሁ? ያ ጀመዓ፣ ምን አደረግሁ?" ትላለህ። ክንድህ ሲሰበር ድምፁን ሰምቻለሁ። ሳይክልህ ተንከባሎ እኔ እግር ሥር ቦይ ውስጥ ወደቀ፤ የፊቱ ቸርኬ ወደ ሰማይ ሆኖ ይዞራል።

ሀሚዱ፣ የማታውቀው ይህ ነው። ቸርኬው መዞሩን ሲያቆም ጎማውን አየሁት። ግማሽ ጥርስ ነው። እኔው የገጠምኩት፣ አንተ የመረጥከው። የዚያች ቀን ክርክራችን ሁሉ በአንድ ጊዜ ትዝ አለኝ። ጭቃው ላይ ያለፈው ጎማ ያንተ እንዳልሆነ፣ ግድግዳዬ ላይ የሰቀልኩት እንደሆነ አወቅሁ። ያን ጊዜ ዓይንህ ደህና ነበር። በሁለቱም ዓይንህ ነው ያየኸኝ።

ሀኒያ እዚህ ስትደርስ መጻፏን አቁማ አየችኝ። ይህን ከሰው ሰምታ እንደሆን እንጂ ከኔ አፍ ሰምታው አታውቅም ነበር። ጻፊ አልኳት።

"ቁሙ፣ ተሳስቻለሁ" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። አርባ ዱላ ወደ እኔ ሲዞር ታየኝና ፈራሁ። ፍርሃት ብቻ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ራሴን ይቅር እል ነበር። አርባ ሰው ፊት "አውቃለሁ" ያልኩትን መልሼ መዋጥ አቃተኝ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ እያልን አይደል ያደግነው? የጠፋው ግን የኔ ልጅ አይደለም፤ የእናትህ የእትዬ ዑምኩልሱም ልጅ ነው። ሰዑድ ዱላውን በሁለት እጁ አነሳ፣ እኔም ፊቴን አዞርኩ። ፖሊስ ደርሶ ሲያስጥልህ ዓይንህ ጉንጭህ ላይ ነበር።

በማግሥቱ አምባሰል ድረስ ወጥተው የእናትህን ቤት አቃጠሉ። ላሟ ታስራ ነበርና አብራ ተቃጠለች። አንተን አራት ወር አስረው ማስረጃ የለም ብለው ሲፈቱህ አገር ለቀህ ሄድክ። እኔ በተመታህበት ቀን ማታ ሀኒያን "ያ ጎማ የታለ?" ብዬ ጠይቄ ነበር። ደሴ በሄድኩበት ቀን ሸጣዋለች፣ ለማን እንደሸጠችም ነገረችኝ። "ለሰው ብትናገሪ እፈታሻለሁ" አልኳት። ስምንት ወር ሙሉ አንድ አልጋ ላይ ተኝተን ስለዚህ ነገር አልተነጋገርንም። የጥርሳም ጎማ ገዥ ሲመጣ "አልቋል" እያልኩ እመልስ ነበር።

ባለፈው ሳምንት አንድ የውጫሌ ሰው ጎማ ሊያስነፋ መጥቶ፣ "ሐሙስ የሀሚዱ እናት ድንጋይ ሊሸከሙ ነው" አለኝ። አጎቶችህ በደመኝነቱ ማረስም ገበያ መውጣትም ስላልቻሉ፣ እናትህን ለምነው አስገድደዋቸዋል። ልጄ ገድሏል ብለው፣ በአንገታቸው ድንጋይ ተሸክመው ለሰዑድ ቤተሰብ ይቅርታ እንዲጠይቁ፣ የደም ካሳው ጉማም እንዲከፈል ተስማምተዋል። ለስምንት ወር "ልጄ ደም የለበትም" ያሉ ሴትዮ። ሐሙስ ዕለት ሱቁን አልዘጋሁም፣ እንደተከፈተ ትቼው ሄድኩ።

ከውጫሌ በላይ ካለው ዋርካ ሥር ስደርስ ሁለቱ ወገን በግራና በቀኝ ተቀምጧል። እናትህ ድንጋዩን ማጅራታቸው ላይ አድርገው በመሐል ይመጣሉ። ሸህ ዘይኑልአቢዲንን "አንቱ፣ ቃል አለኝ" አልኳቸው። ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ። ጎማውን እንደቀየርኩልህ፣ ቦዩ ውስጥ እንዳየሁት፣ እያወቅሁ ዝም እንዳልኩ።

ሰዑድ ተነሳና መጣ።

"ታዲያ ጎማውን የወሰደው ማን ነው?"

"ለፖሊስ ነው የምናገረው።"

"ለኔ ትናገራለህ። የሞተው የኔ ወንድም ነው።"

"ላንተ አንድ ጊዜ ስም ሰጥቼህ ነበር፣ ሰዑድ። ምን እንዳደረግህበት ሁላችንም አይተናል። ጎማ እዚያ አለፈ እንጂ ጎማ ቢላ አልያዘም። ሁለተኛ ስም ከኔ አታገኝም።"

በዱላው ቀኝ እጄን መታኝ። አጥንቴ ሲሰበር ያንተን ክንድ አስታወስኩ። ስወድቅ የእሱ ወገን ሁሉ ተነሳብኝ፤ ያንተ አጎቶችም ተነሱብኝ፣ እነሱም እውነት አላቸው። አንዱ ወገቤን፣ አንዱ ፊቴን ይረግጣል። "ስሙን! ስሙን!" ይላሉ። ሁለት ጥርሴ ከደም ጋር ወጣ። አንድ ጊዜ ስሙ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፣ አልዋሽህም። ብናገር እኔን ይተዉኝ ነበር፣ የሌላ እናት ቤት ግን ይቃጠል ነበር።

ያኔ ድንጋይ መሬት ሲመታ ሰማሁ። እናትህ ድንጋዩን ጥለው መጥተው ላዬ ላይ ተጋደሙ። አንድ ዱላ ሳይታወቅ ትከሻቸውን አገኛቸው፣ አልተነሱም። ከጆሮዬ አጠገብ ሆነው ተናገሩ።

"ተዉት። የልጄ ዓይን ሲጠፋ የተዘጋ አፍ ዛሬ ገና ተከፈተ። ሳይጨርስ አትግደሉብኝ።"

ሰዉ ያነሳውን ዱላ መለሰ። ሸህ ዘይኑልአቢዲን "በዚህች እናት ላይ የወደቀ ዱላ በሁላችን ላይ ነው፤ ዛሬ ጉማ የለም" ብለው ጉባኤውን በተኑ። ሰዑድ ብቻውን ቀረ፤ ድንጋዩን ሲያይ ቆየና መሬት ላይ ተቀመጠ። ምን እንደሚያስብ አላውቅም። ልጠይቀውም አልችልም።

አርብ ዕለት እናትህ ራሳቸው ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱኝ። እኔ ቃሌን እስክሰጥና በግራ እጄ እስክፈርም በር ላይ ተቀመጡ። ሀኒያም ገብታ መሰከረች። ስወጣ እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል በክርናቸው ገፉኝ። "ይቅርታውን የሚሰጥህ ዓይኑን ያጣው ነው፤ እኔ ምን አለኝ?" አሉኝ።

አሁን ስሙን ትጠይቀኛለህ። አልነግርህም። ሀኒያም አትጽፈውም። መብትህ ነው፣ አውቃለሁ፣ ብትረግመኝም ልክ ነህ። ግን ቁጣህን አውቀዋለሁ፤ የሰውየውን ጥፋትም አላውቅም፤ ያንተንም እንዲሁ አላወቅሁትም ነበር። ፖሊስ ይጨርሰው። ፍርድ ቤት በጠራኝ ቁጥር እሄዳለሁ፣ ያልኩትንም አልመልስም። አንተም የመጣህ ዕለት በር ዘግቼ አልጠብቅህም፤ ያሻህን አድርገኝ፣ እጄን አላነሳብህም።

እናትህ አንድ ቃል ጻፍለት ብለው አዘውኛል። መጀመሪያ ላይ መጻፍ የነበረበት እሱ ነበር፣ ግን ከኔ አፍ እስኪወጣ ይህን ሁሉ ወረቀት ፈጀብኝ።

ደም የለብህም፣ ሀሚዱ። ና ወደ ቤትህ።

ሙአዊያ
ሐይቅ