ጉማሬን ከቡሬ ያወረድኩበት ሳምንት

ሰኞ፣ ጋምቤላ

ሃላፊው እሺ አሉ። ሁለት ወር ሙሉ ቢሯቸው በር ላይ ተተክዬ የከረምኩት ለዚች ለአንዲት እሺ ነበር። ያሉትን እንዳልረሳው እንዳለ ልጻፈው፦ «ጉማሬን ከነጭነቷ ከቡሬ በሰላም ካወረድሽ መኪናዋ ያንቺ ናት። አንድ ነገር ከሆነ ግን ከአዲስ አበባ ሾፌር አስመጣለሁ፤ አንቺም እዚያው መዝገብ ቤትሽ ትቀሪያለሽ።»

መዝገብ ቤት ያስቀመጡኝ የምነዳው ፒካፕ ሞተሩ ነክሶ ከቆመ ወዲህ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩት ፋይል ሳራግፍ ልኖር ነው እንዴ?

ጉማሬ የመሥሪያ ቤታችን ትልቋ የጭነት መኪና ናት። ስሙን ያወጣላት መካኒካችን ኡሞድ ነው፤ ክረምት ላይ የኢታንግ መንገድ ጭቃ ውስጥ ሰምጣ አፍንጫዋን ብቻ አውጥታ ስታጓራ አይቶ። የሚነዷት ጋሽ ይመር ነበሩ። አሁን ዓይናቸው ደክሟል፤ ባለፈው እኔን ከሩቅ አይተው «ይቺን ላም ከመንገድ አንሷት» ብለዋል። ስስቅ ነው በድምፄ የለዩኝ።

እኔ ስምንት ዓመት በፒካፕ ፑኝዶ ተመላልሻለሁ። ከዚያ በፊት እርሻ ላይ ትራክተር። አምና አራተኛ መንጃ ፈቃድ አውጥቻለሁ። ጭቃን እንደ እኔ የሚያውቅ ካለ ይምጣና እንነጋገር። ቁልቁለት ግን፣ እውነቱን እዚህ እንኳ ካልጻፍኩ የት ልጽፍ ነው፣ አላውቅም። ጋምቤላ ምን ቁልቁለት አለና።

ባለቤቴ ታደሰ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ነገርኩት። «ቀስ በይ አልልሽም፤ ቀስ እንደምትዪ አውቃለሁ» አለ። ከዚያ ግን አንድ ቁልፍ የተበጠሰበትን ሸሚዙን ሦስት ጊዜ ሲቆልፍ አየሁት።

ማክሰኞ፣ ጎሬ

ወጣን። እኔ መሪ ላይ፣ ጋሽ ይመር መሐል፣ ኡሞድ በመስኮቱ በኩል። ባዶ መኪና ነው፤ የቡሬን አቀበት በሁለተኛ ማርሽ እያዜምኩ ነው የጨረስኩት። ጋሽ ይመር አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፦ የወጣሽበትን ማርሽ አትርሺው፣ ስትወርጂ ያስፈልግሻል። እሺ አልኩ፤ ወዲያው ደግሞ ረሳሁት።

ኡሞድ አኙዋክ ነው፤ ስድስት ልጅ አሳድጓል፤ ደጋ ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው። የሚስቱን ጋቢ እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ገደሉን እያየ፦

«እኛ አገር መሬት ይተኛል። እናንተ አገር መሬት ይቆማል። የቆመ መሬት ላይ ሰው እንዴት እንቅልፍ ይወስደዋል?»

ጎሬ ላይ ዘለቀን አገኘነው። የሌላ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነው፤ በዕድሜ ታናሼ፣ በአፍ ግን ማንንም ይበልጣል።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ መዝገብ ቤቱን ማን እየጠበቀልሽ ነው?»

«አይጥ» አልኩት። «ወንበሩ ባዶ ነው፣ ከፈለግህ።»

የጫንነው ቆርቆሮና ሲሚንቶ ነው። ክልል ከሆንን ወዲህ ትምህርት ቤት በየቦታው እየተሠራ ነው፤ ይሄኛው ዳስ ሥር ለሚማሩት ልጆች ነው። ዝናቡ ሳይመጣ ጣራ መልበስ አለበት።

ረቡዕ፣ ቡሬ

ቶሎ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ከጎሬ ወደ ቡሬ ስንመጣ አንዲት ትንሽ ቁልቁለት አለች። ዋናዋ፣ ከቡሬ በታች ያለችው፣ እንኳ አይደለችም። እኔ የጭቃ ልማዴን ይዤ ገባሁባት፤ ጭቃ ላይ ፍጥነት ከቀነስሽ አለቀልሽ፣ መልቀቅ ነው። በአራተኛ ለቀቅኳት። ከኋላዬ ያ ሁሉ ሲሚንቶ እንዳለ ያወቅኩት ሲገፋኝ ነው። ፍሬን ያዝኩ። እንደገና ያዝኩ። የፍሬኑ ሸራ ሲቃጠል ሸተተኝ። ማርሽ ልቀንስ ብዬ አወጣሁት፤ ወጣ፣ አልገባ አለ። ሙሉ ጭነት፣ ባዶ ማርሽ።

ጋሽ ይመር አልጮኹም። የእጅ ፍሬኑን እየሳቡ «ወደ ተራራው» አሉኝ፣ ጨው አቀብይኝ እንደሚል ሰው። መሪውን ወደ ተራራው አዞርኩ። ጉማሬ ጎኗን አፈሩ ላይ እየፋቀች፣ እየፋቀች ቆመች።

የደረሰው ጉዳት፦ የቀኝ መስታወት ተሰበረ፤ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ተቀደደ፤ የኡሞድ ግንባር ትንሽ ዕብጠት።

እዚያው ቆመን ሳለ ዘለቀ ማርሹን አውጥቶ፣ የሞተር ድምፅ ሳይሰማ፣ እንደ ንፋስ አለፈን። ነዳጅ ይቆጥባል ይላሉ እንዲህ የሚወርዱት። እጁን አወዛወዘ። አየን ማለት ነው። ቡሬ ጭነት ይጠብቃል፤ ከዚያ ጋምቤላ ይገባል፤ ከዚያ ለሃላፊው ይነግራል። አንድ የተሰበረ መስታወት «አንድ ነገር» ነው ወይስ አይደለም?

እንዲነዱልኝ ጋሽ ይመርን ለመንኳቸው። አይሆንም አሉ፤ በዚህ ዓይኔ ሦስታችንንም ልፈጅ ነው? ቡሬ ድረስ በሁለተኛ ማርሽ እየተንፏቀቅኩ አስገባኋት።

«ነገ አትነጂም» አሉኝ ስንደርስ። «ነገ በእግርሽ ትወርጃለሽ።»

የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ቡሬ

አልቀለዱም። ቁልቁለቱን በእግሬ ወረድኩት። በሸራ ጫማ። የግራው አፉን ከፈተ።

ጋሽ ይመር ዱላቸውን ይዘው ፊት ፊት ይሄዳሉ። ዓይናቸው የኔን ፊት በቅጡ አይለይም፤ ኩርባውን ግን እግራቸው ያውቀዋል። «እዚህ ጋ ድንጋይ አለ» ይላሉ፣ ድንጋዩ አለ። «እዚህ መንገዱ ወደ ገደል ያዘነብላል» ይላሉ፤ ጎንበስ ብዬ ሳይ እውነትም ያዘነብላል። እሳቸውም ወጣት ሳሉ አሳዳሪያቸው እንዲህ በእግር አውርዷቸዋል። ኡሞድ በቆርቆሮ ኖራ ይዞ ከኋላ፤ እሳቸው ያሉትን ድንጋይ ሁሉ ነጭ ቀባልኝ።

የተማርኩት፦ ማርሽ ከላይ ነው የሚመረጠው፣ መሐል ላይ አይነካም። ፍሬን ረገጥ አድርጎ መልቀቅ እንጂ እግር ጭኖ መሄድ የለም። ፍሬን ከሸተተ፣ ሜዳ ፈልጎ መቆም፣ ጎማ ሥር ታኮ ማድረግ፣ እስኪበርድ መጠበቅ። ከኋላ ያለው ቢያንባርቅም መጠበቅ። በጋለ ፍሬን ላይ ውሃ ማፍሰስ ፈጽሞ የለም፤ ብረቱ ይሰነጠቃል።

ለመቆሚያ የተመረጠችው ሰባተኛዋ ኩርባ ላይ አረፍ ስንል እንዲህ አሉኝ፦

«ጭቃ ያስተማረሽን ገልብጪው። ጭቃ ላይ የቆመ ይቀበራል። ቁልቁለት ላይ ግን የሚቀበረው ያልቆመው ነው።»

ስንመለስ በሰው መኪና ነው። ኡሞድ ከሰዓት በኋላ ፍሬኑን አንድ በአንድ ፈትቶ አጠበቀ። ጋሽ ይመር ነገ አብረውኝ አይወርዱም፤ በማለዳ መኪና ወርደው ከግርጌው ሻይ ቤት ይጠብቁኛል። ለምን ብላቸው፣ አጠገብሽ ከተቀመጥኩ የወረድኩት እኔ ነኛ አሉ።

ዓርብ፣ ጋምቤላ

ወረድኩ። ወረድኩ። ወረድኩ። ሦስቴ ብጽፈው ማን ይከለክለኛል።

አፋፉ ላይ ቆምኩ፣ ሁለተኛ አስገባሁ፣ እጄን ከማርሹ ላይ አንስቼ መሪው ላይ አደረግሁ። ጉማሬ ማጓራት ጀመረች። ሞተሩ ራሱ ይይዛታል፤ እኔ ረገጥ፣ ለቀቅ፣ ረገጥ፣ ለቀቅ። የእግረኛ ፍጥነት ነው። እንዲያውም እንጨት የተሸከመች ሴትዮ ሁለት ኩርባ ከእኛ እኩል ወርዳለች፤ ኡሞድ በመስኮት ሰላምታ ይሰጣታል።

ሦስተኛዋ ኩርባ ላይ ዘለቀ ከኋላ መጣ። ጡሩምባ፣ ጡሩምባ። የረቡዕዋ እኔ ብሆን ለቅቄ ነበር። መንገዱ ሲሰፋ በባዶ ማርሽ አለፈን፤ «እትዬ፣ ለፋሲካ ድረሽ» ሲል ሰማሁት።

ሰባተኛዋ ኩርባ ላይ አገኘነው። የኔ ነጭ ድንጋይ አጠገብ፣ የመኪናው አፍንጫ ተራራው ላይ ተደግፎ፣ ጎማው ሥር ጭስ። ፊቱ ወረቀት መስሏል። ጀሪካን ውሃ አንስቶ ሊያፈስ ሲል ኡሞድ ጉማሬ በቅጡ ሳትቆም ዘሎ ወርዶ ያዘው።

«ጠጣው» አለው። «ለአንተ ነው የሚያስፈልግህ።»

ታኮ አደረግን፣ ጠበቅን። ብዙ ጠበቅን። ዘለቀ አንድም ቀልድ አልቀለደም። ፍሬኑ ሲበርድ ኡሞድ አጠበቀለትና እኔ ወደ ጋቢናዬ ስወጣ፣ ቀስ ብሎ «በስንት ነው የምትወርጂው?» አለኝ።

«በሁለተኛ። ከኋላዬ ራቅ በልና ተከተለኝ፤ ማርሹን እንዳትነካው።»

ተከተለኝ። እስከ ግርጌ።

ጋሽ ይመር ሻይ ቤቱ ደጃፍ በርጩማ ላይ ጆሯቸውን ወደ ተራራው አዘንብለው ተቀምጠዋል። መምጣቴን አላዩም። ጠጋ ብዬ ሳልናገር፦

«ማርሽ ስትቀይሪ አልሰማሁም» አሉ። «አንድ ጊዜ ረጅም ቆምሽ። ያ ካንቺ ኋላ የሚያጓራው ማነው?»

«ዘለቀ ነው ጋሼ።»

«እሱ በማርሽ ሲወርድ ዛሬ ገና ሰማሁ» ብለው ሻይ አዘዙልኝ። ያን ጊዜ አለቀስኩ። ኡሞድ አልቅሺ፣ መሬቱ አሁን ተኝቷል አለኝ።

ቅዳሜ፣ ጋምቤላ

ጠዋት ሃላፊው ዘንድ ሄድኩ። ሰው ከሚቀድመኝ ብዬ መስታወቱን፣ ከረጢቱን፣ አልገባ ያለውን ማርሽ፣ ሁሉንም ራሴ ተናገርኩ። ሲሰሙኝ ፊታቸው አይነበብም። ስጨርስ፣ ዘለቀ ቀድሞሽ መጥቷል አሉ።

«ስለ መስታወት የነገረኝ የለም» አሉ። «ከኋላዋ ባልወርድ ዛሬ እዚህ አልቆምም ነበር ነው ያለኝ።»

ከመሳቢያቸው ቁልፉን አወጡ። ጋሽ ይመር በሲባጎ ያሰሩት ያው ቁልፍ። ተቀበልኩ፣ እጅ ነሳሁ፣ ኮሪደሩ ላይ ስደርስ ሮጥኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ። መዝገብ ቤት ገብቼ ወንበሬን ጠረጴዛው ላይ ገልብጬ ወጣሁ። ታደሰ ቁልፉን እያገላበጠ አይቶ «ቀላል ነው» አለ፤ ክብደቱን መሆኑ ነው። ሸሚዙን ወስጄ ቁልፍ ተከልኩለት።

ረቡዕ ወደ መቲ ጭነት አለ። አቀበት ነው፤ መመለሻውም ያው ቁልቁለት፤ አላውቀውም። ትንሽ ፈርቻለሁ፣ አልዋሽም። ከሰዓት በኋላ ያደረግሁት የመጀመሪያ ነገር ግን የሸራ ጫማዬን ሊስትሮ ጋ ወስጄ የተከፈተ አፉን ማሰፋት ነው።