አራት ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣ ለልጄ ባል።

እንደምን ከርመሃል? ሰውነትህስ ደህና ነው? ያ በብርዱ ጊዜ የያዘህ ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም ከእንጨቱ ብናኝ ጋር ጉሮሮህን እየፋቀህ ነው? እናትህስ ጉልበታቸው እንዴት ሆነ? ደረጃ ሲወጡ መሐል ላይ ቁጭ ይላሉ ብለህ ጽፈህልኝ ነበርና ከሐሳቤ አልወጡም። አባትህ ዛሬም ሬዲዮናቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ቤቱን ሁሉ ዝም በሉ ይላሉ? ታናሽ እህትህ ፈተናውን እንዴት ሆነች? የእኔን ከጠየቅኸኝ በሕይወት አለሁ፤ እጄ ይሠራል፣ እግሬ ይሄዳል። ደህና ነኝ ብዬ ብጽፍ ግን አንተም አታምነኝም፣ እኔም ራሴን አላምነው።

ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ እንደቀረ ታውቃለህ። አንዲት መስመር ጽፌ እስክጨርስ ሻዬ ይቀዘቅዝብኛል። ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩት ይህ ሦስተኛ እሑዴ ነው። በስልክ እንዳልነግርህ ደግሞ ድምፄ መሐል መንገድ ላይ ጥሎኝ ይሄዳል። ስለዚህ ታግሠህ እስከ መጨረሻው አንብበኝ። ሚስትህ መጻፌን አታውቅም።

ባለፈው ወር የተናገርካትን ሰምቻለሁ። ሸሚዟን እየተኮሰች ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣው ነበርና ድምፅህ እስከ ማድቤት ይሰማ ነበር። «ካልፈለግሽኝ ፊት ለፊት ንገሪኝ» አልካት። «ወረቀት ጎደለ፣ ወረቀት ተመለሰ ትይኛለሽ፤ እኔ ሕፃን ነኝ? ስደውል አታነሺ፣ ስታነሺ ታዛጊያለሽ። ሌላ ሰው ካለ ወረቀቱን ምክንያት አታድርጊው» አልካት። እሷ ካውያውን ቀጥ አድርጋ አቆመችውና ሄዳ ፊቷን ታጠበች። አልፈረድኩብህም። ሚስቱን ሁለት ዓመት በስልክ ብቻ ያየ ሰው ሌላ ምን ያስባል? ግን የሚወቀሰው ሰው እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ አገር ባሏን የምታስመጣ ሰው፣ የሚመጣው ሰው የመንግሥት ሸክም እንደማይሆን በገቢዋ ማሳየት አለባት። በቤቱ ያለው ሰው በበዛ ቁጥር የሚጠየቀው ገቢም ይጨምራል። ሚስትህ ከአረጋውያን መጦሪያው የምታገኘው ደመወዝ ብቻውን አልበቃም። ስለዚህ እኔም አብሬ ልፈርም፣ የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ደመወዜ በእሷ ላይ ሊደመር ተስማማን። የእኔን ቅጽ ደግሞ በራሴ እጅ መሙላት ነበረብኝ።

ከመቀጠሌ በፊት ዝሆኔን ላንሳብህ፤ ሳላነሳው ነገሩን መናገር አልችልም። ልጄን ከቀበርነው አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነው። ልቡ ከልጅነቱ ደካማ እንደነበረ ሐኪሞቹ የነገሩን የትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ከቀረ በኋላ ነው። ይህን ስም ያወጣህለት አንተ ነህ። በሠርጋችሁ ቀን፣ በተዋሰው ሰፊ ኮት ውስጥ ጠፍቶ ሲገባ አይተኸው «ይህ ዝሆን የማነው? በሩን አስፉለት እንጂ!» ብለህ ሰውን ሁሉ አሳቅኸው። ከዚያ ቀን ወዲህ እኔም እህቱም በሌላ ስም ጠርተነው አናውቅም።

ቅጹን የሞላሁት ከስምንት ወር በፊት ነው። ሚስትህ ሥራ ገብታ ነበር፤ የእያንዳንዱን ጥያቄ ትርጉም ከላዩ በእርሳስ ጽፋልኝ ነው የሄደችው። ስሜን፣ የልደት ቀኔን፣ የአሠሪዬን አድራሻ አሳምሬ ሞላሁ። ሦስተኛው ገጽ ላይ የምታስመጪውን ሰው ጨምሮ በቤትሽ ስንት ሰው ይኖራል የሚል ጥያቄ ደረሰ። አንድ እኔ፣ ሁለት እሷ፣ ሦስት አንተ። እዚያ ላይ እጄ ቆመ። ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ ተሳስቼ ነው እላለሁ፤ ለአንተ ግን አልዋሽም። አልተሳሳትኩም። ብዙ ቁጭ ብዬ አስቤበታለሁ። ክፍሉ አለ፣ አልጋው አለ፣ ጫማው ከአልጋው ሥር እንዳወለቀው ነው። ሞት ወሰደው እንጂ እኔ ከቤቴ አላስወጣሁትም። ሦስት ብዬ ብጽፍ በገዛ እጄ እንዳስወጣሁት መሰለኝና አራት ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ምንሽ ነው፣ ዕድሜውስ ስንት ነው ይላል። ወንድ ልጄ፣ ተማሪ አልኩ። ዕድሜው ላይ አሥራ ዘጠኝ ልል ነበር፤ እዚያው ቆሞ እንዳይቀርብኝ ሃያ አደረግሁት። ከዚያ ፈረምኩ፣ ፖስታውንም አሸግሁ።

ከሁለት ወር በኋላ ወረቀቱ ተመለሰ። ሚስትህ በሩ ላይ ቆማ አነበበችው። ፊቷ ሲለዋወጥ አይቼ ምንድን ነው ብላት «ምንም አይደል እማ፣ አንድ ወረቀት ጎድሏል አሉ» ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በሳምንቱ ዳቦ ፋብሪካ ሌላ ሥራ ያዘች። ጎህ ሲቀድ ትወጣለች፤ እስከ ጠዋቱ ሁለት ሰዓት ዳቦ ስታሽግ ቆይታ ከዚያው ወደ አረጋውያኑ ትሮጣለች። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ፋብሪካው ውስጥ ናት። እኔ ሞኟ ለመቀበያህ የምታጠራቅም መስሎኝ «አንቺ ልጅ፣ ባልሽ ሲመጣ አጥንትሽን ብቻ ነው የሚያገኘው» እያልኩ እቀልድባት ነበር። ትስቅልኛለች። አንተ ስትደውል ስልኩ ደረቷ ላይ ይጮሃል፣ እሷ ልብሷን ሳትቀይር ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጥሏታል። አላነሳ አለችኝ ብለህ የተቀየምከው ያንን ነው።

ያን ቃል በተናገርካት ሳምንት ከአውቶቡስ ስትወርድ ራሷን ስታ ወደቀች። አትደንግጥ፣ አሁን ደህና ናት፤ ድካም ነው አሉ። የሕክምና ካርዷን አምጪ ብለውኝ ቦርሳዋን ስፈትሽ ያን ፖስታ አገኘሁት። የዚህን አገር ቋንቋ እንደምንም አነባለሁ፤ አራት የሚለውን ቁጥር ግን ለማንበብ ማንም አያስፈልገኝም።

ወረቀት የሚሞሉልን ሽማግሌ አሉ፤ ድሮ የግብር ሠራተኛ ነበሩ። አንድ ቅጽ በጨረሱ ቁጥር ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ጧ ስለሚያደርጉት ማህተም እንላቸዋለን። ወስጄ ሰጠኋቸው። «እህቴ፣ ገቢያችሁ ለሦስት ሰው ይበቃል፣ ትንሽም ይተርፋል። ያነሰው ለአራት ነው። ይህ የሃያ ዓመት ተማሪ ማን ነው?» አሉኝ። «ዝሆኔ ነው» አልኳቸው። ቀብሩ ላይ ነበሩ። መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጠረጉት። ቆይተው ወረቀቱን ቢገለብጡት ከጀርባው የሚስትህ የእርሳስ ጽሕፈት አለ። ለአራት ሰው የሚበቃው ገቢ ላይ ለመድረስ ዳቦ ፋብሪካው ውስጥ ስንት ወር መሥራት እንዳለባት አስልታ ነበር። አሥራ አንድ ወር ይላል። «ልጅሽ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቃለች። ለሞተ ሰው የሚበቃ ደመወዝ ነው የምትፈልገው» አሉኝ።

በማግስቱ ሥራ ገባሁ። አንሶላ ማጠፍ የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ አንዷ ጫፉን ይዛ ትቆማለች፣ ሌላዋ ወደ እሷ ትመጣለች። ጓደኛዬ በጣም ረጅም ስለሆነች መሰላል እንላታለን። ቋንቋችን አይገናኝም፣ የምንግባባው በአንሶላው ነው። ያን ቀን በየአሥሩ መደርደር አቅቶኝ አንዱን አሥራ ሦስት፣ አንዱን ስምንት አደረግሁት። አለቃችን ሊቆጣ ሲመጣ መሰላል መሐላችን ገብታ ቆጠራውን ከእኔ ወሰደችው። ምን እንደሆንኩ አልጠየቀችኝም።

ሚስትህ ስትገባ ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ጠበቅኋት። ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። ጫማዋን ሳታወልቅ ቁጭ አለች። «ምን ብዬ ልንገርሽ? ዝሆኔን ሰርዢው ልበልሽ? እንቅልፌን ባጣ ይሻለኛል እንጂ ይህን ከአፌ አላወጣውም» አለችኝ። ባልሽስ ብላት «እሱ ይቆጣል፣ ከዚያ ይበርድለታል። አንቺ ግን አይበርድልሽም» አለች። ልጄ፣ ይህን ስትለኝ ነው የገባኝ። አንዱን ልጄን ከቤት ላለማስወጣት ብዬ ሌላዋን በቁሟ እየጨረስኳት ነበር።

የዝሆኔ ክፍል በር እንደሚይዝ ነግሮህ ነበር መሰለኝ። እርጥበት ነፍቶት ከታች ወለሉን ይፍቃል። ሠራተኛ ልጥራ ባልኩ ጊዜ «ተይው እማ፣ አናጺው አማችሽ መጥቶ ይላገው። የሌላ ሰው እጅ ካየበት ሲስቅብን ይኖራል» ነበር ያለኝ። እሱ ከሄደ በኋላ በሩ መያዙን ወደድኩት፤ ማንም ዝም ብሎ አይከፍተውም። አሁን ግን ቅጹ እንዲታረም የሞቱ የምስክር ወረቀት መያያዝ አለበት፤ ወረቀቱም ያለው እዚያው፣ ከደብተሮቹ መሐል ነው። ከሰጡኝ ቀን ጀምሮ ከፖስታው አውጥቼው አላውቅም። በሩን በትከሻዬ ገፋሁት፤ እምቢ አለኝ። ደግሜ ስገፋ ሚስትህ ከኋላዬ መጥታ አብራኝ ገፋች። ድንገት ተከፍቶ ሁለታችንም ተንገዳግደን ገባን። «ዝሆን የሚያስፈልገን ይህን ጊዜ ነበር» አለች። ሳቅን። ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ተለወጠብን፣ ወለሉ ላይ ተቀምጠን ቆየን።

ይህን ደብዳቤ ስጀምር ቅጹ ገና አልተላከም ነበር። በመሐሉ ረቡዕ ማህተም ዘንድ ሄድን። እሳቸው ልሙላልሽ አሉኝ፤ እምቢ አልኩ። አራት ብሎ የጻፈ እጅ ሦስት ብሎም መጻፍ አለበት። ያቺን አንዲት ቁጥር ጽፌ እስክነሳ ከኋላችን የነበሩ ሁለት ባለጉዳዮች ተስተናግደው ሄዱ። የምስክር ወረቀቱን ስሰጣቸው በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ሁሉንም አያይዘው ሲጨርሱ እንደ ልማዳቸው ጠረጴዛውን ሊመቱ መዳፋቸው ተነሳ፤ ከዚያ ቀስ አድርገው ወረቀቱ ላይ አሳረፉት።

መልሱ በሦስትም በአራትም ወር ሊመጣ ይችላል አሉ። ይሳካል ብዬ ቃል አልገባልህም፤ ወረቀት እንዴት እንደሚመለስ አይቻለሁ። ሚስትህ ግን ዳቦ ፋብሪካውን በዚህ ወር መጨረሻ ትለቃለች፤ ለአለቃዋ ስትናገር አጠገቧ ቆሜ ነበር። እንግዲህ ቅያሜ ካለህ በእኔ ላይ አድርገው፣ እችለዋለሁ። ለእሷ ደውልላት። ሳታውቅ ነው የተናገርከው፤ ግን ያን ቃል መልሰህ ውሰደው። እኔ መጻፌን ብትነግራት ብታኮርፈኝም ግድ የለም።

አንድ ነገር ልብ በል። ስትመጣ በዝሆኔ ቦታ የመጣህ እንዳይመስልህ። መጀመሪያም ስቆጥር ሦስተኛው አንተ ነበርክ። መላጊያህን ይዘህ ና፤ ያን በር ላገው። አሁን ቢከፈት አልጠላም።

እናትህን ጉልበታቸውን ሳምልኝ፤ ደረጃውን አይቸኩሉበት በላቸው። ለአባትህ፣ ሬዲዮው እኔ ስመጣም አይዘጋ በልልኝ። እህትህን ብታልፍም ብትወድቅም ግንባሯን ሳምልኝ። የጎረቤታችሁን ልብስ ሰፊ፣ ኮቱን ያዋሰውን፣ ኮቱ አሁንም እኛ ዘንድ እንዳለና ይቅር እንዲለኝ ንገርልኝ። የሚስትህን ሰላምታ ራሷ ታቀርብልሃለች።

ድሮ ከእኛ ቤት ደብዳቤ ሲጻፍ የመጨረሻው ቦታ የዝሆኔ ነበር፤ እየሮጠ መጥቶ ከሥር ትልቅ ኩምቢ ይስልልህ ነበር። ዛሬም ልማድ ሆኖብኝ ቦታውን ትቼለት ነበር። ባዶውን ከምልከው እውነት የሆነውን ልጻፍበት። ዝሆኔ ይወድህ ነበር። ይህን የትኛውም ቢሮ አይመልስብኝም።

የሚስትህ እናት፣ እናትህ

ከልብስ ማጠቢያው ቤት ጀርባ ካለው ቤታችን
እሑድ፣ መጋቢት 11 ቀን 2014 ዓ.ም.