በገብርኤል ቀን የደረሰሽ ጥማድ

ውድ ታደለች፣

ይሄን የምጽፍልሽ በገዛ እጄ ነው። መሠረተ ትምህርት ስንማር «ጀ»ን ገልብጬ ብጽፍ፣ «እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ምን ብለው ቢሰድቡት ነው ፊደሉ ጀርባውን የሰጠዎ?» ብለሽ አስቀሽብኛል። አሁንም ከተገለበጠ አንቺው አቃኚው። ጎረቤታችን ሞገስ አንቺ ወዳለሽበት ወደ ፓዌ ዘመድ ሊጠይቅ ነው ሲሉ ሰማሁና፣ ሦስት ዓመት በሆዴ የያዝሁትን ልላክልሽ አልሁ።

የሰባ ስድስቱን ክረምት መቼም አትረሺውም። ለአሥራ ስምንት ቤት ሦስት ጥማድ በሬ ብቻ ቀረን። ሐምሌ ሃያ ደግሞ በሬዎቹ ወደ ገበሬ ማኅበሩ የጋራ እርሻ ይገባሉ ተባለ። በዓል በዓሉ ሲቀነስ እስከዚያ የቀረው የሥራ ቀን ስድስት ብቻ ነው። «ተራውን ማን ያውጣ?» ሲባል ሁሉም ወደኔ ዞረ። አፌን ፈርተው እንጂ ፍርዴን አምነው አይደለም። ለየጥማዱ አንድ ቅል አቆምሁ። አንድ የባቄላ ፍሬ፣ ለአንድ ቤት አንድ ቀን። ለሁሉም እኩል።

ምን ያደርጋል፣ የልጄ የክንዴ ማሳ በአንድ ቀን አያልቅም፤ የልጅ ልጆቼም ስድስት ናቸው። ሁለት ፍሬ ጣልሁለት። አንድ ቀን ጎደለ። ከማን ላጉድል? ባል ያላት ትጮህብኛለች፣ ወንድም ያላት ዱላ ታመጣብኛለች። አንቺ ባልሽን ቀብረሽ ብቻሽን ነበርሽ። ያንቺን ፍሬ ወደ ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ገፋሁት።

ገብርኤል መሆኑን ዘንግቼ ነው ብዬ ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ። ውሸቴን ነው። እኔ በዓል ልስት?

ሰው በተሰበሰበበት መጥተሽ፣ «እትዬ፣ በገብርኤል ማን በሬ ይጠምዳል? በረዶ ያወርድብናል እኮ» አልሽኝ፤ ያውም ቀስ ብለሽ።

«ቀን አልነፈግሁሽም። እንግዲህ ራሱ ገብርኤል በክንፉ ይረስልሽ» አልሁሽ።

ሰው ሳቀ። አንቺም ነጠላሽን አፍሽ ላይ ስታደርጊ የሳቅሽ መስሎኝ ነበር።

ማሳሽ ጦሙን አደረ። ዝናቡ ቀድሞ ቆርጦ ሁላችንንም ጎዳን፤ እኛ ግን ትንሽም ብትሆን አጨድን። አንቺ አርብ ገበያ ወርደሽ ለሰፈራ ተመዘገብሽ። ስትሄጂ በደጄ አልፈሽ «ደህና ይሁኑ» አልሽኝ። እኔ ግን ወደ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁት።

ባለፈው ስብሰባ ተነስቼ ሁሉንም ተናገርሁ። የሳቀ የለም። ክንዴም እስከ ዛሬ ቀና ብሎ አያየኝም። ማሳሽን ለሌላ ቤት መርተውታል፤ እሱን ልመልስልሽ አልችልም። ከወንዙ ዳር ያለው ቁራጭ መሬት ግን በኔ ስም ነው፤ ብትመጪ እኩል እንካፈለዋለን። ያን የባቄላ ፍሬሽንም ነቀዝ እንዳይበላው ለብቻው በቅል አስቀምጬዋለሁ።

ነይ ብቻ። ቀኑን አንቺ ምረጪ፤ እኔ አፌን ይዤ በሬውን እነዳልሻለሁ።

አፈኛዋ ጎረቤትሽ፣
ማንጠግቦሽ